ሜዳው ያልጠፋው ስለተጻፈ ነው፦ ከሃምብልደን የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ለሰፈሬም ልጆች፤

  ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከደቡብ እንግሊዝ፣ ከሃምፕሽየር አውራጃ፣ ከፖርትስማውዝ ወደብ በስተሰሜን ካለች ሃምብልደን ከምትባል የገጠር መንደር ነው። ከመንደሯ ወጣ ብሎ ብሮድሃፍፔኒ ዳውን የሚሉት ከፍ ያለ የሣር ሜዳ አለ። ከሜዳው ፊት ለፊት ባት ኤንድ ቦል የሚባል አሮጌ መጠጥ ቤት ይገኛል፤ እዚያው አጠገብ በ1908 የቆመ የድንጋይ ሐውልት አለ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፍላችኋለሁ)። ሐውልቱ የጦር አዛዥ ወይም የንጉሥ መታሰቢያ አይደለም፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ ይጫወት የነበረ የአንድ የመንደር ክሪኬት ክለብ መታሰቢያ ነው። እንግሊዞች ሃምብልደንን የክሪኬት መነሻ ይሏታል። እኔ ግን ነገሩን ባጤንኩት ቁጥር ክብሯ ከቀዳሚነት የመጣ አይመስለኝም። ክብሯ የመጣው ሰዎቿ የተጣሉበትን ነገር በሥርዓት ፈትተው፣ የፈቱትንም በወረቀት አኑረው ስላለፉ ነው። በዚህ ደብዳቤ ይህን አሳቤን ላስረዳችሁ፤ የሚቃወሙትንም ሰዎች ክርክር ሳልደብቅ አብሬ አቀርባለሁ።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ይህን ይመስላል። አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሆነው በሁለት ወገን ይሰለፋሉ። ወርዋሪው መሬት ላይ የተተከሉ ቋሚ እንጨቶችን ለመጣል ኳስ ይወረውራል፤ መቺው በጠፍጣፋ የእንጨት መምቻ ይከላከላል። ኳሱን አርቆ ከመታ ከጓደኛው ጋር ቦታ እየተለዋወጠ ይሮጣል፤ ሩጫው ነጥብ ሆኖ ይቆጠራል። ቋሚዎቹ ከተመቱበት ወይም የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተቀለበበት ግን ከጨዋታ ይወጣል። የመጀመሪያው ተቃውሞ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፦ ይህ ጨዋታ ከሃምብልደን ክለብ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጊልፎርድ ከተማ ውስጥ በአንድ ቁራሽ መሬት ላይ ክስ ተነስቶ ነበር። ጆን ዴሪክ የሚባል ሰው ቀርቦ፣ ተማሪ ሳለ በዚያ መሬት ላይ ከጓደኞቹ ጋር ክሪኬት ይጫወት እንደነበር መሰከረ፤ ዘመኑም ወደ 1550 ገደማ ይሆናል። የጨዋታው ሕግም ቢሆን ሃምብልደን ስሟ ከመግነኑ በፊት፣ በ1744 ተጽፏል። ስለዚህ መነሻ የሚለው ማዕረግ በቀዳሚነት የሚሰጥ ከሆነ ለሃምብልደን አይገባትም፤ ይህን ያለ ማንገራገር እቀበላለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በጊልፎርድ ሜዳ ልጆች መጫወታቸውን ዛሬ የምናውቀው የፍርድ ቤት ጸሐፊ የምስክሩን ቃል ስለመዘገበ ብቻ ነው። ከዚያ ቀደም ብለው ወይም በዚያው ዘመን በሌላ መንደር የተጫወቱ ልጆች ቢኖሩ መዝጋቢ አጥተው ቀርተዋል። ስለዚህ ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ራሱ የሚፈታው በመዝገብ ነው።

ሃምብልደን ያበረከተችው ነገር ከቀዳሚነት የተለየ ነው። በመስከረም 1771 ክለቡ ከቸርትሲ ቡድን ጋር ሲገጥም ቶማስ ዋይት የሚባል የተጋጣሚው ተጫዋች ቋሚዎቹን ሁሉ የሚሸፍን ሰፊ መምቻ ይዞ ገባ። በጊዜው የመምቻን ስፋት የሚወስን ሕግ ስላልነበረ ሰውየው የጣሰው ነገር አልነበረም። ሃምብልደኖች ግጥሚያውን በአንድ ነጥብ ብልጫ አሸነፉ፤ አሸንፈናል ብለው ግን ነገሩን አልተዉትም። ወርዋሪያቸው ቶማስ ብሬት፣ አለቃቸው ሪቻርድ ናይረንና መቺያቸው ጆን ስሞል ከእንግዲህ የመምቻ ስፋት ከአራት ኢንች ከሩብ፣ ማለትም ከ10.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ አይለፍ የሚል ጽሑፍ ላይ ፈረሙ። ክለቡም መምቻ እየገባ የሚለካበት የብረት ልኬት አሠርቶ አስቀመጠ። ልኩ በ1774ቱ የሕግ ማሻሻያ ውስጥ ገባ፤ ዛሬም በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ይኸው ልክ ነው። በግንቦት 1775 ደግሞ ለንደን ውስጥ አምስት የሃምብልደን ሰዎች ከአምስት የኬንት ሰዎች ጋር ተጋጠሙ። ያን ጊዜ የሚተከለው ቋሚ ሁለት ብቻ ነበር። በቅጽል ስሙ ላምፒ የሚባለው ኤድዋርድ ስቲቨንስ በጆን ስሞል ላይ የወረወራቸው ኳሶች ደጋግመው በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ሾልከው ሲያልፉ ስሞል አልወጣም ተባለ፤ ጨዋታውንም ለሃምብልደን አሸነፈ። ተመልካቹ ግን ጥሩ ውርወራ ዋጋ ማጣቱ አግባብ አይደለም አለ፤ ከዚያ በኋላ መካከለኛ ሦስተኛ ቋሚ ተጨመረ። ሁለቱን ነገሮች አስተያዩአቸው። በመጀመሪያው ሃምብልደኖች የተበደሉ ነበሩ፤ በሁለተኛው ግን በሕጉ ጉድለት የተጠቀሙት እነሱው ናቸው። ሕጉ ሁለቱንም ጊዜ ተስተካከለ። አንድ ጨዋታ ለትውልድ የሚተርፈው እንዲህ ሲሆን፣ ማለትም የዕለቱ አሸናፊ ማንም ይሁን ማን ጉድለቱ ሲታረም ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፊተኛው የበረታ ነው። ሃምብልደን የመንደር ስም ይኑራት እንጂ ክለቡ የመንደርተኛው አልነበረም፣ የመኳንንቱ የቁማር መጫወቻ ነበር የሚሉ አሉ። ማስረጃቸውም ቀላል አይደለም። ከመሥራቾቹ አንዱ የሚባለው ቄስ ቻርልስ ፖውሌት የመስፍን ልጅ ነበር፤ ግጥሚያዎቹም በብዙ ገንዘብ ውርርድ የሚደረጉ ነበሩ። ከሁሉም የገነነው የሰኔ 1777ቱ ግጥሚያ የተደረገው በኬንት፣ በሴቨንኦክስ ሜዳ፣ በ1,000 ጊኒ (የዘመኑ የእንግሊዝ ወርቅ ገንዘብ) ውርርድ ነው። የሃምብልደን ቡድን በአንድ የመምታት ተራ 403 ነጥብ ሲያስቆጥር፣ ከመላው እንግሊዝ የተመረጠው ቡድን በሁለት ተራ 166 እና 69 ብቻ አገኘ፤ ስለዚህ በ168 ነጥብ ተበለጠ። ጄምስ ኤልዋርድ ብቻውን 167 አስቆጠረ፤ ይህም የተጋጣሚው ቡድን ሁሉ በመጀመሪያው ተራ ካገኘው በአንድ ይበልጣል። ተጫዋቾቹም ሁሉ የመንደሯ ተወላጆች አልነበሩም፤ ዝነኛው ቢሊ ቤልደም ከሰሪ አውራጃ የመጣ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም ሜዳው ላይ ውጤቱን የሚወስኑት ሰዎች እነማን እንደነበሩ ተመልከቱ፦ ጆን ስሞል ጫማ ሰፊ ነበር፣ በኋላም መምቻና ኳስ ሠሪ ሆነ፤ ዴቪድ ሃሪስ ሸክላ ሠሪ፣ ሪቻርድ ናይረን ደግሞ የዚያው የባት ኤንድ ቦል መጠጥ ቤት ባለቤት ነበር። የኛን የገና ጨዋታ አስቡ፤ በድሮ ጊዜ በዚያን ቀን ሎሌው በጌታው ቢቀልድና ቢጋፋው ጌታ አይቆጣም ነበር፣ በማግስቱ ግን ሁሉም ወደየቦታው ይመለስ ነበር። በሃምብልደን ግን የመጠጥ ቤቱ ባለቤት መኳንንቱ በተወራረዱበት ግጥሚያ ላይ ከአንድ የጨዋታ ወራት እስከ ሌላው አለቃ ሆኖ ቆየ። የክለቡ መዝገብ እንደሚለው ለልምምድ በሰዓቱ የመጡ ተጫዋቾች ካሸነፉ አራት፣ ከተሸነፉ ሦስት ሽልንግ ይከፈላቸው ነበር። እኩልነት ነበረ ልላችሁ አልችልም፤ ገንዘቡ የጌቶቹ ነበርና። ችሎታው ግን የባለ እጆቹ ነበር፤ ያንንም የክፍያው መዝገብ ሳይሸሽግ ይነግረናል። ክለቡን የመኳንንት ብቻ ነው ብሎ መተው እነዚህን ባለ እጆች የሚገባቸውን ዋጋ መንፈግ ይሆናል።

የክለቡ ፍጻሜም የመጣው ከዚሁ ከገንዘቡ ወገን ነው። ከክለቡ መሪዎች አንዱ የነበረው የዊንቺልሲው ባላባት፣ ከወዳጆቹ ጋር ሆኖ ለንደን ውስጥ ሜዳ እንዲያዘጋጅላቸው ቶማስ ሎርድ ለሚባል ነጋዴ ድጋፍ ሰጠ። በ1787 ሎርድስ የሚባለው ሜዳ ተከፈተ፤ ሜሪልቦን ክሪኬት ክለብም ተመሠረተ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1788፣ ሜሪልቦን የታረመውን ሕግ አወጣ፤ እስከ ዛሬም የክሪኬትን ሕግ የሚጠብቀው እሱ ነው። ለጌቶቹ ለንደን ትቀርባለች፤ ውርርዱም ተጫዋቾቹም ወደዚያው አመሩ። የመንደሩ ክለብ እየመነመነ ሄዶ በመስከረም 1796 የተጻፈው ቃለ ጉባኤ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ ከጌቶች ማንም አልተገኘም። የሚገርመው፣ በባዶ ስብሰባ ቀንም ጸሐፊው መዝገቡን መክፈቱ ነው። ድሉን ሁሉም ይጽፋል፤ መክሰሙን የሚጽፍ ማኅበር ግን ብዙ አይገኝም። ሃምብልደን እንዴት እንዳበበች ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደጠወለገች የምናውቀው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ እናንተም «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት እንደምትጠቅሱልኝ አውቃለሁ። ተረቱ እውነት ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። የተጻፈ ሁሉ እውነት አይደለምና። በነሐሴ 1796 የክለቡ መዝገብ ላይ ከእንግዶቹ መካከል «የሰው ልጅ መብት» የተባለው መጽሐፍ ደራሲ ቶማስ ፔይን ተመዝግቧል። ፔይን ግን በዚያ መጽሐፍ ምክንያት በ1792 በሌለበት ተፈርዶበት ፈረንሳይ የነበረ ሰው ነው፤ ስለዚህ አንዱ ቀልደኛ ያስገባው ስም እንደሆነ መገመት ይቀላል። የአለቃው የሪቻርድ ልጅ ጆን ናይረንም በ1833 የክለቡን ሰዎች የሚያወሳ መጽሐፍ ሲያሳትም ዕድሜው ወደ ሰባ ተጠግቶ ነበር፤ ቃሉን አቀናብሮ ያሳተመለት ጸሐፊው ቻርልስ ካውደን ክላርክ ነው። ሽማግሌ ስለ አባቱ ዘመን ሲያወጋ ሁሉም ጀግና ይሆንበታል፤ የሃምብልደን ዝና የናይረን ፍቅር ያሳበጠው ነው የሚሉት ተቺዎች ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ፍቅሩን ከእውነቱ ለመለየት የቻልነው ከመጽሐፉ ጎን ቃለ ጉባኤውና የግጥሚያው የነጥብ መዝገብ ስላሉ ነው። ናይረን የሰዎቹን ጠባይና ችሎታ ይነግረናል፤ መዝገቡ ደግሞ ቀኑንና ቁጥሩን ይሰጠናል። አንዱ ሌላውን ያርማል። መጽሐፉ ብቻ ቢቀር አፈ ታሪክ ይሆን ነበር፤ መዝገቡ ብቻ ቢቀር ደግሞ የወይን ጠጅና የሽልንግ ሒሳብ ሆኖ ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር።

የመጨረሻው ተቃውሞ ስለ ዛሬው ነው፦ ይህ ሁሉ ከ1796 ጋር አብቅቷል፣ አሁን ያለው ለጎብኚ የሚታይ ትዝታ ነው ይላሉ። እውነት ነው፣ ቅብብሎሹ ተቋርጧል። የጥንቱ ክለብ ራሱ በ1780ዎቹ ብሮድሃፍፔኒን ትቶ ወደ ሌላ ሜዳ ተዛውሮ ነበር፤ የቀድሞው ሜዳም ለብዙ ዘመን የእርሻ መሬት ሆኖ ቆየ። የዛሬው የሃምብልደን ክለብ የሚጫወተው ሪጅ ሜዶው በሚባል ሌላ ሜዳ ነው። መጠጥ ቤቱም ባለፈው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ስሙ ተቀይሮ ነበር፤ ሰው ተቆጥቶ ጮኸ፣ ስሙም ተመለሰ። ነገር ግን ይህ መቋረጥ አሳቤን ያጸናዋል እንጂ አያፈርሰውም። በ1908 እዚህ ሐውልት ሲቆም የጥንቱን ጨዋታ በዓይኑ ያየ አንድም ሰው በሕይወት አልነበረም። በ1925 ዊንቸስተር ኮሌጅ የተባለው ትምህርት ቤት ሜዳውን ገዝቶ ለክሪኬት ሲመልሰው፣ ከ1959 ጀምሮም ብሪጋንድስ የሚባል ቡድን ሲጫወትበት፣ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ልማድ አልነበረም የሚመራቸው። ይህ መሬት ከሌላው የሃምፕሽየር ኮረብታ የሚለይበትን ነገር የነገራቸው ጽሑፍ ነው። ሣር ራሱን አያስታውስም፤ እርሻ የነበረውን ወደ ሜዳ የሚመልስ ሰው አስቀድሞ ሜዳ እንደነበረ ማወቅ አለበት።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ሃምብልደን የክሪኬት እናት አይደለችም፤ ጸሐፊውና ዳኛው ግን ነበረች፤ ለአንድ መንደርም ይህ ከበቂ በላይ ክብር ነው። ይህን ሁሉ የጻፍኩላችሁ እንግሊዞችን ለማድነቅ ብቻ አይደለም። የሰፈራችን የእግር ኳስ ቡድን፣ የዘመድ ማኅበሩ፣ የልጅነታችን ጨዋታዎች ሁሉ ሕግ፣ ክርክርና ባለ ችሎታ ነበራቸው፤ አሁንም አላቸው። ቃለ ጉባኤ የያዘ ሰው ካለ መዝገቡን ከእርጥበትና ከአይጥ ያድን፤ የሌለው ዛሬ ይጀምር። አዛውንቶቹ ሳያልፉ የጨዋታውን ደንብ፣ ማን ዳኛ እንደነበር፣ ማን በምን ተጣልቶ እንዴት እንደታረቀ ጠይቃችሁ፣ ቀኑንና የተናጋሪውን ስም ጨምራችሁ ጻፉ። ድሉን ብቻ ሳይሆን ሽንፈቱንም፣ ማንም ያልተገኘበትን ስብሰባም ጻፉ። አደራ።


ናፋቂያችሁ