መሪ የሰበርኩበት ቁልቁለት

ግንቦት 1 ቀን 1975 ዓ.ም. አመሻሽ ላይ፣ ልደታ ሰፈር፣ የአንድ የሰባት ዓመት ልጅ ክንድ የተሰበረው በእኔ ጥፋት ነው። ጥፋቱን ግን በታላቅ ወንድሙ ላይ አላከክሁ። ታላቅ ወንድሙ የልብ ጓደኛዬ ነበር። ያኔ ሁለታችንም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ነበርን። ዛሬ ሁለታችንም ሸብተናል፤ እሱ ግን እስካሁን እውነቱን አያውቅም።

ነገሩ የኩሽኔታ ነገር ነው። ኩሽኔታ የምትባለው በመኪና ጎማ ውስጥ ያለችው፣ ጥይት የመሰሉ የብረት ኳሶች የሚሽከረከሩባት ቀለበት ናት። ስሟን ከጣሊያን ወርሰነዋል። እኛ ልጆች ግን በእሷ ላይ የምንሠራውን የጣውላ ጋሪም በዚያው ስም እንጠራው ነበር። «ኩሽኔታ እንንዳ» ስንል ሁሉም ይገባዋል። ሞተር የለውም፤ ሞተሩ ቁልቁለቱ ነው።

ጓደኛዬ የሠራት ኩሽኔታ በሰፈሩ ወደር አልነበራትም። ባዶ ጠርሙስ ለቆራሌው እየሸጠ ሳንቲም አጠራቀመ፤ ከዚያ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርዶ አራት ያገለገሉ ኩሽኔታዎች ገዛ። በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ ግራሶ ቀብቶ፣ በጣቱ አንድ ጊዜ መታ ሲያደርጋቸው ረጅም ሰዓት ይዞሩ ነበር። የኋላውን አግዳሚ እንጨት ጫፎች በቢላ ጠርቦ ኩሽኔታዎቹን በመዶሻ አስገባቸው። የፊተኛው አግዳሚ ግን መሪ ስለሆነ መዞር አለበት። እሱን መሀሉን በስቶ በአንድ ወፍራም ቡሎን ከጣውላው ጋር አያያዘው፤ ከሥሩ ሮንዴላ አደረገበት፤ ከዚያ አንድ ዳዶ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ሌላ ዳዶ። ለምን ሁለት እንዳደረገ ስጠይቀው፣ አንዱ ሲነቃነቅ ሌላው እንዲይዘው ነው አለኝ። ይህን ማንም አላስተማረውም። ጋራዥ በር ላይ ቆሞ ሲያይ የቀሰመው ነው። ፍሬኑ ከመቀመጫው ጎን በሚስማር የተመታች የጎማ ቁራጭ ነበረች፤ በእጅ ሲጫኗት አስፋልቱን ትነክሳለች።

አነዳዳችን ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያይ ነበር። እኔ ኩርባው ላይ ስደርስ መሪውን በእግሬ በኃይል እገፋዋለሁ። ብረቱ ያፏጫል፣ ፍንጣሪ ይበተናል፣ የኋላዋ ወደ ጎን ትወረወራለች። ልጆች ያጨበጭባሉ። እኔም ፈጣን ማለት እንዲህ ያለ ነው ብዬ አምን ነበር። ጓደኛዬ ግን ድምፅ አልነበረውም። ከኩርባው በፊት ፍሬኗን ትንሽ ነካ ያደርጋታል፣ መሪውን አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ ያዞረዋል፣ ከዚያ ይለቀዋል። ሲያዩት የተኛ ይመስላል። ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳው ላይ ስንደርስ፣ ሁለታችንም የቆምንበትን ቦታ በከሰል እናሰምር ነበር፤ የእሱ መስመር ሁልጊዜ ከእኔ አልፎ ይገኛል። በዚያችው ኩሽኔታ፣ በዚያው መንገድ።

«መሪውን አትንጠቀው» ይለኝ ነበር። «ከመግባትህ በፊት አብርዳት። ከገባህ ወዲያ ተዋት፣ ትሂድ።»

አልሰማሁትም። ቀጭን ስለሆነ ነው የሚቀድመኝ አልኩ። እሱ ደግሞ ከሰፈራችን ብዙም የማይርቀውን የድሮውን የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ታሪክ ይወድ ነበር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው ከዚያ ሜዳ ነው፤ ኋላ ጄት ሲመጣ ሜዳው ስላጠረ ወደ ቦሌ ተዛወረ። «የእኛም ሜዳ አጭር ናት፤ የምናባክነው ፍጥነት የለንም» ይል ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው ይህን የሚናገረው። ከማንም በላይ ይገባው እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ፤ ያኔ ግን የተማርኩት ነገር ቢኖር መቅናት ብቻ ነው።

ግንቦት ልደታ በእኛ ሰፈር ሰው ሁሉ ደጅ የሚውልባት ቀን ናት። ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ እናቶች ተሰብስበው ይመርቃሉ። በዚያ ቀን ከታችኛው ሰፈር ልጆች ጋር እሽቅድምድም ተያዘ። መንዳት የነበረበት ጓደኛዬ ነው። እኔ ለመንኩት። ሰው ሁሉ በሚያይበት ቀን ልንዳ ብዬ አጥብቄ ለመንኩት፤ እሱም ሰጠኝ። ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ካልሄድኩ ብሎ ሲያለቅስ፣ ጓደኛዬ ከፊቴ አስቀመጠውና «በእሱ ምክንያት ቀስ በል» አለኝ። ዳዶ መፍቻ ኪያቤውን ያስያዘኝም ያኔ ነው፤ መንገድ ላይ የሚላላ ነገር ቢኖር ብሎ።

ቀስ አላልኩም። ኩርባው ላይ ስደርስ የታችኛው ሰፈር ልጅ ጎኔ ነበር። እናቶቹ ወደ እኛ ዞረው ያያሉ። ፍሬን ሳልነካ መሪውን በአንድ ጊዜ ሰበርኩት። የፊቶቹ ብረቶች አስፋልቱን አልያዙም፤ ተንሸራተቱ። ኩሽኔታዋ እየተንሸራተተች ሄዳ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ስትደርስ ነከሰችና ተገለበጠች። ልጁ በግራ ክንዱ ላይ ወደቀ። ድምፁን እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት።

ሰው ተሯሩጦ መጣ። ጓደኛዬ ወንድሙን አቅፎ ከእናቱ ጋር ወደ ወጌሻ ሮጠ። እኔና ኩሽኔታዋ መንገዱ ዳር ቀረን። እየጨለመ ነበር። ሲመለሱ እንደሚጠይቁኝ አውቄያለሁ። በእጄ ያለውን ኪያቤ አየሁ። ሁለቱን ዳዶዎች ፈታሁ። ጠብቀው ስለነበር ብዙ ታገልኩ፤ ጣቴ ደማ። ቡሎኑን፣ ሮንዴላውን፣ ሁለቱንም ዳዶ ቦይ ውስጥ ጣልኳቸው። ከዚያ የፊተኛውን አግዳሚ ከጣውላው ለይቼ አስቀመጥኩት።

ትልልቆቹ ሲመጡ «ቡሎኑ ወለቀ» አልኳቸው።

የደማውን ጣቴን ያዩት እናቶች «አይ ልጄን፣ እሱም ተጎድቷል» ብለው ሳሙኝ።

ጓደኛዬ ሌሊቱን ተገረፈ። በግድግዳው ውስጥ ይሰማኝ ነበር፤ ቤቶቻችን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር የሚጋሩት። «ሁለት ዳዶ ነው ያደረግሁበት፣ ሁለት ዳዶ» ይላል። እናቱ፣ እትዬ የምንላቸው፣ ባላቸውን ገና በጊዜ የቀበሩ ሴት ነበሩ፤ የቀሯቸውም ሁለት ልጆች ብቻ። አልፈርድባቸውም። በነጋታው ጣውላውን ፈልጠው ምጣድ ሥር ማገዱት።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጓደኛዬ ቡሎኑን ለሁለት ቀን ፈለገ። መንገዱን ከላይ እስከ ታች ጎንበስ ብሎ ዳበሰው። የቡሎኑ ክር ተበልቶ እንደሆነ፣ ወይም ዳዶው ተሰንጥቆ እንደሆነ ማየት ፈልጎ ነበር። የሠራው ነገር ለምን እንደከዳው ማወቅ ፈለገ። እኔም አብሬው ፈለግሁ። ከቦዩ በስተቀር ሁሉም ቦታ ፈለግሁ።

ሌላ ኩሽኔታ አልሠራም። ተግባረ ዕድ ገብቼ መካኒክ እሆናለሁ ይል የነበረ ልጅ፣ ከዚያ ወዲያ ኪያቤ ሲይዝ አይቼው አላውቅም። አድጎ በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ተቀጠረ። ሕይወቱን ያበላሸሁት እኔ ብቻ ነኝ ማለት አልችልም፤ ዘመኑም ድህነቱም ነበሩ። በእጁ ላይ የነበረውን እምነት የወሰድኩበት ግን እኔ ነኝ።

በ2006 ዓ.ም. ለሥራ ናይሮቢ ሄጄ የሥራ ባልደረቦቼ በላንጋታ መንገድ በኩል ወደሚገኝ የካርት መወዳደሪያ ወሰዱኝ። ካርት የምትባለውን ትንሽ መኪና አርት ኢንግልስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1956 ካሊፎርኒያ ውስጥ የሣር ማጨጃ ሞተር ገጥሞ ነው የጀመራት። ሳያት ደነገጥኩ፤ የጓደኛዬ ኩሽኔታ ነበረች፣ ሞተርና ጎማ የተጨመረላት። መሬት ላይ የምትሳብ፣ ሞላ የሌላት፣ መሪዋ ከእጅ የማይርቅ።

እንደ ልጅነቴ ነዳሁ። ጎማው ጮኸ፣ የኋላዋ ተወረወረች፣ ከሁሉም የፈጠንኩ መሰለኝ። ሰዓቱ ሲወጣ ከሁሉም የመጨረሻ ነበርኩ። ሜዳውን የሚቆጣጠረው ወጣት ጠርቶኝ በትዕግሥት አስረዳኝ። የካርት የኋላ ጎማዎች በአንድ ዘንግ ላይ ተሰክተው አንድ ላይ ነው የሚዞሩት፤ እንደ መኪና ዲፈረንሻል የላትም። ስለዚህ ኩርባ ላይ የውስጠኛው የኋላ ጎማ ጥቂት ከመሬት መነሳት አለበት፤ ካልተነሳ ሁለቱ ጎማዎች እርስ በርስ እየተጓተቱ ፍጥነቱን ይበሉታል። መሪው ሲዞር ራሱ ክብደቱን ወደ ውጭ አዛውሮ ያነሳዋል። መሪውን ከነጠቁት ግን የፊቶቹ ጎማዎች መያዝ ትተው ይንሸራተታሉ፣ ካርቷም አልታዘዝ ትላለች። ፍሬኑ የኋላውን ዘንግ ብቻ ነው የሚይዘው፤ መሪው ዞሮ ሳለ ከረገጡት የኋላዋ ትወረወራለች። ስለዚህ ቀጥ ብለህ ሳለህ ፍሬን ያዝ፤ መሪውን አንድ ጊዜ አዙር፤ የኩርባው መውጫ ሲታይህ እጅህን ክፈትላት፤ ትሂድ።

ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማሁም። የራስ ቁሬን አውልቄ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ይህን ትምህርት ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ፊዚክስ ባልተማረ ልጅ አፍ፣ በአማርኛ ሰምቼዋለሁ። እንግሊዛዊው ሉዊስ ሃሚልተን ካርት የጀመረው በስምንት ዓመቱ ነው፤ አባቱ ከጎኑ ነበሩ፤ የሚያደርገውን አይተው አበረታቱት። ጓደኛዬ ያገኘው ሽልማት ግርፋት ነው፤ ያስገረፍኩትም እኔ ነኝ።

ደግሜ ገባሁ። ወጣቱ እንዳለኝ ነዳሁ፤ ልክ ጓደኛዬ እንዳለኝ። ሰዓቴ ከሁለት ሰከንድ በላይ ወረደ። ደስ አላለኝም።

ልደታ ሰፈራችን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሲፈርስ ቁልቁለቷም ቦዩም አብረው ጠፉ፤ ዛሬ በዚያ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፣ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ባቡሩም ያልፋል። ጓደኛዬና እናቱ ወደ ጀሞ ሄዱ። እትዬ ያረፉት በ2011 ዓ.ም. ነው። ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን አስተናገድኩ፤ ወንበር ተሸከምኩ፤ ንፍሮ አዞርኩ። ታናሽ ወንድሙ እጅ ሲያስታጥብ ግራ ክንዱ ክርኑ ላይ ጠመም ብሎ እንደቀረ አየሁ። ጓደኛዬ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ «አንተማ ወንድሜ ነህ» አለኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። በለቅሶ መሀል አይሆንም ብዬ ራሴን አታለልኩ፤ ከዚያ ወዲያም ስንት ጊዜ ተገናኘን። እትዬ ልጃቸው በአንድም ነገር እንዳልበደለ ሳያውቁ አረፉ፤ ያንን ማስተካከል ከእንግዲህ አልችልም።

ወንድሜ ሆይ፣ ጋዜጣም መጽሔትም ሳታነብ እንደማትውል አውቃለሁና እዚህ ጻፍኩልህ። ነገ እሑድ ጀሞ እመጣለሁ፤ በሩን ብትዘጋብኝም ይገባኛል። ታናሽ ወንድምህም ባለበት እንድነግራችሁ ፍቀድልኝ። ቡሎኑ አልወለቀም። ሁለቱም ዳዶዎች አንተ እንዳጠበቅሃቸው ነበሩ።