ዱባና ቅል፣ ቢጫና ቢጫ

“ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል” ይባላል። እኛ ደግሞ የጓሮ ዱባችንን ሦስት ክረምት ካየን በኋላ አንድ ልንጨምርበት ነው፤ ቢጫና ቢጫም ለየቅል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰፈራችን የዱባ ቅጠል ቢጫ ካለ ምክሩ አንድ ነው፤ “ዩሪያ በትኑበት!” ራሱን ያመመውን ሁሉ “ወባ ነው” እንደማለት። ዩሪያ ደግሞ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር በዓለም ገበያ ዋጋው ሰማይ ነክቶ ነበር። እኛ ቤት ያለችው አንድ ኪሎም አጎታችን ለጤፋቸው ከገዙት ቀንሰው የላኩልን ናት። በከንቱ ብንበትናት የሳቸውን ጤፍ በተንን ማለት ነው።

እናላችሁ ጋዜጠኝነት ስንማር ያጠናናት ጥያቄ ጓሮም ትሠራለች። የት? መቼ? ለምን?

መጀመሪያ የት? ናይትሮጅን በተክሉ ውስጥ ከቦታ ቦታ ይዛወራል። ሲያጥር ዱባው ከአሮጌው ቅጠል ቀንሶ ለአዲሱ ይሰጣል፤ ከራሷ ጉርሻ ቀንሳ ልጇን እንደምታጎርስ እናት። ስለዚህ ከሥር ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ጅማታቸው ሳይቀር ከገረጡ፣ ሐረጉ ከቀጠነ፣ እድገቱም ካዘገመ ዋናው ተጠርጣሪ ናይትሮጅን ነው። አሮጌው ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሐል መሐሉ ብቻ ከቢጫ ወደ ማግኒዚየም እንሄዳለን። ይኸው መልክ ከጫፍ ባሉት አዲስ ቅጠሎች ከጀመረ ደግሞ የብረት እጥረት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ዩሪያ ምን ይፈይዳል?

መቼ? ሐምሌና ነሐሴ አሳሳች ናቸው። ዝናቡ ናይትሮጅኑን አጥቦ ይወስዳል፤ ውኃ የቋጠረ አፈር ደግሞ ሥሩን አፍኖ ቅጠሉን ያገረጣዋል። አፈሩን ቆፈር ስናደርግ ውኃ ካቀረረ ከማዳበሪያው በፊት ቦይ! ፍሬው ሲበስል የሚመጣው ቢጫነት ግን እርጅና ነው፤ አይታከምም። ቀድመው የሚረግፉት አበቦችም ብዙውን ጊዜ ወንዴ ናቸው፤ የረሃብ ምልክት አይደሉም።

ሁለት ምንጭ ሳያመሳክሩ ዜና እንደማይጻፍ ሁሉ እኛም እናመሳክራለን። ከገረጡት ለአንዱ ዱባ አንድ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ አድርገን፣ እርጥብ አፈር ላይ፤ ከዚያ አፈር ማልበስ፣ አለበለዚያ ናይትሮጅኑ ተንኖ አየር ላይ ይቀራል። ጎረቤቱን ዱባ እንተወዋለን። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን የተመገበው አዲስ ቅጠል ጠቆር ያለ አረንጓዴ ካወጣ መልሱ ተገኘ። የገረጣው አሮጌ ቅጠል ይመለሳል ብላችሁ ግን አትጠብቁ።

ጊዜው ሐረግ መሳብ ከጀመረ እስከ አበባ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ስናበዛበት ቅጠሉ ጃንጥላ ያክላል፣ ሐረጉ አጥር ይዘላል፣ ፍሬው ግን የለም። መንገደኛ “ምን ያማረ ዱባ ነው!” ይል ይሆናል። የእናታችን ሒሳብ ግን ቅጠል ሳይሆን የጥቅምት ረቡዕና ዓርብ የዱባ ወጥ ነው።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ ቢጫ ባያችሁ ቁጥር ወደ ጆንያው አትሩጡ። ጎንበስ በሉና የታችኛውን ቅጠል ጠይቁት።