ቅርፊት የሌለው ዓሣ

ከደሴ ከተማ በስተ ሰሜን ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ መንገደኛ፥ በአምባሰል ተራሮች አቅራቢያ ሐይቅ ከሚባለው ውኃ ይደርሳል። ስፋቱ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር ይበልጣል። ጎርፍና ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከርሱ ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ የለም። በዳሩ ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ ታላቅ የትምህርት ስፍራ ስለ ነበረ፥ የሐይቅ ስም በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። አሁን የሚነገረው ግን በዚያው ውኃ ጭቃ ውስጥ ስለሚኖረውና ሰው ስለሚንቀው ስለ አምባዛ ነው።

አምባዛ ራሱ ሰፊና ጠፍጣፋ፥ አፉ ትልቅ ነው፤ በአፉም ዙሪያ እንደ ድመት ጢም ያሉ 8 ጢሞች አሉት። ቆዳው ያዳልጣል፤ ቅርፊት ፈጽሞ የለበትም። በደረቱ ክንፍ ላይ ያለው እሾህ ያልተጠነቀቀውን እጅ ይወጋል። ቀን ከታች ተኝቶ ይውላል፤ ሌሊት ግን ተነሥቶ ምግቡን ይፈልጋል፤ ትልም ቢሆን፥ ትንሽ ዓሣም ቢሆን፥ የሞተም ቢሆን አይመርጥም። ለዓሣ ሁሉ ከተሰጠው መተንፈሻ ሌላ ከነፋስ የሚተነፍስበት ብልት ስላለው፥ ውኃው ጎድሎና ደፍርሶ ሌላው ዓሣ ሲያልቅ እርሱ ወደ ላይ ብቅ እያለ አየር ይስባል። ቆረሶ ከውኃ ከወጣ ጥቂት ተንፈራግጦ ይሞታል፤ አምባዛ ግን በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ብዙ ሰዓት በሕይወት ይቈያል። ይህን ያህል ብርታት የተሰጠው ፍጥረት መልኩ ስላላማረ ብቻ መናቁ የሚያስገርም ነው።

አጥማጁ መረቡን ማታ ይጥላል፤ ሳይነጋም ታንኳውን እየቀዘፈ ሄዶ ይስባል። ዓይኑ የሚፈልገው ቆረሶን ነው፤ ቆረሶ በገበያ ቶሎ ይሸጣልና። አንዳንድ ማለዳ ግን ቆረሶው ሦስት ወይም አራት ብቻ ሆኖ፥ ከታች ከባድ ነገር መረቡን ይጎትታል። ሲወጣ አምባዛ ነው፤ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ መረቡን አወሳስቦታል፥ ቀዶታልም። ከታንኳው ያለው ልጅ ይህን አይቶ፦
«አባዬ፥ ይህን ወዲያ እንጣለውን?» ይላል።
አባትየውም፦ «ተው ልጄ፤ መረቡን የቀደደው እርሱ ነውና የመረቡን ዋጋም የሚከፍለን እርሱ ነው» ብሎ ይመልስለታል።

መናቁ ከመልኩ ብቻ የመጣ አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት ያለው እንዲበላ፥ የሌለው ግን እንዳይበላ ታዝዟልና ብዙ ክርስቲያን ይህን ሕግ ጠብቆ ከአምባዛ ይርቃል። ሙስሊሙ ጎረቤት በበኩሉ የዓሣ ቅርፊት በሃይማኖቱ አይጠየቅበትም፤ እርሱም ቢሆን ቆዳው እባብ ይመስላል ብሎ የሚጸየፍበት ጊዜ አለ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 አጥማጆች መረባቸውን ወደ ዳር ስበው መልካሙን ዓሣ በዕቃ እንዳኖሩ፥ ክፉውን እንደ ጣሉ ይነገራል። የተጣለው ቅርፊት የሌለው ዓሣ ሊሆን እንደሚችል የሚያስረዱ ሊቃውንት አሉ፤ በገሊላ ባሕር ዛሬም የሚኖረው ባለ ጢሙ ዓሣም ከሐይቁ አምባዛ ጋራ አንድ ዘር ነው። እንግዲህ የሐይቅ አጥማጅ በየማለዳው ከታንኳው ጫፍ ተቀምጦ የሚለየው፥ የገሊላ ሰዎች የለዩትን ያንኑ ሊሆን ይችላል።

ዓሣን መልካምና ክፉ ብሎ መለየት በሌላም አገር አለ፤ ነገር ግን ሁሉም በአንድ ሚዛን አይመዝንም። በሰሜን አሜሪካ ወንዞች ድራም የሚባል ዓሣ አለ፤ ወንዱ በሆዱ እንደ ከበሮ ያለ ድምፅ ስለሚያሰማ ስሙን ከዚያ አገኘ። ሥጋው የሚበላ ሲሆን ብዙ አጥማጆች ሲይዙት ቅር ይላቸዋል። ካርፕ የሚሉትንም ዓሣ የቼክ ሰዎች ለልደት ዋዜማ ማዕድ ያከብሩታል፤ አሜሪካኖች ግን መንግሥታቸው በ1877 እ.ኤ.አ. በክብር ከአውሮፓ ካስመጣው በኋላ ጠሉት። በሐይቅ የሚከበረውም ቆረሶ ቢሆን የአገሩ ተወላጅ አይደለም፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ውኃ መጥቶ የተጨመረ እንግዳ ነው። የውኃውን አረንጓዴ የሚበሉትን ጥቃቅን ፍጥረታት እንግዳው ስለ በላቸው ሐይቁ የቀድሞ ጥራቱን አጣ የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ነባሩ አምባዛ ተንቆ እንግዳው ተወደደ።

የመናቁ ጕዳት ይበልጥ የሚታየው ክረምት ሲገባ ነው። ጎርፉ ወርዶ በሐይቁ ዳር ያለውን ሣር ውኃ ሲሸፍነው፥ አምባዛ ከጥልቁ ተነሥቶ በሌሊት ወደ ዳር ይወጣል፤ ወንዝ ሲያገኝም ሽቅብ ይሄዳል። ቆረሶ እናቲቱ ዕንቍላሏን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች፤ አምባዛ ግን በሣሩ ላይ በትና ትሄዳለች። ዕንቍላሉ ከሣሩ ተጣብቆ፥ ውኃው ሞቃት ከሆነ፥ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ይፈለፈላል። በዚያ ሌሊት ዓሣው ከጕልበት በማይበልጥ ውኃ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ጀርባው ይታያል፤ እርሱን ለመያዝ መረብም መንጠቆም አያሻም፥ ዱላ የያዘ ልጅ ይበቃል። አንዲት ትልቅ እናት ዐሥር ሺሖች የሚሆን ዕንቍላል በሆዷ ትይዛለች። የሚበላው ሰው ለቤቱ አንድ ቢወስድ ምክንያት አለው፤ የማይበላው ሰው «አምባዛ ነው» እያለ ለጨዋታ ገድሎ በዳር ሲተወው ግን ይህ ማጥመድ አይባልም። ቆረሶ ቢሆን ኖሮ ያ ሰው ገንዘቡ እንደ ባከነ ቈጥሮ ይጮኽ ነበር።

አጥማጁን የሚፈትነው ነገር ደግሞ በገበያ ነው። አምባዛ ሙሉውን ቢቀርብ ጢሙ ያሳብቅበታል፤ ቆዳው ተገፎ፥ ዐጥንቱ ወጥቶ፥ ሥጋው ከተቈረጠ ግን ብዙ ገዢ ከሌላው አይለየውም። ያን ጊዜ ሻጩ አንዲት ቃል ዝም ቢል ብቻ ዋጋው ከፍ ይላል። «ሥጋው ንጹሕ ነው፥ ማንን ይጐዳል?» የሚል አሳብ ይመጣበታል። በእውነትም በደንብ የበሰለ አምባዛ ሆድ አይጐዳም፤ ነገር ግን ገዢይቱ ስለ ሕጓ ስትል ዕድሜዋን ሙሉ ያልነካችውን ሳታውቅ ለልጆቿ ታበላለች። ከርሷ የተወሰደው ሁለት ብር ብቻ ቢሆን ኖሮ መመለስ ይቻል ነበር።

የታንኳው ሰው ስለዚህ ሥጋውን ሲቈርጥ ራሱን አይጥልም። ስምንቱን ጢም እንደ ያዘ ከሥጋው አጠገብ፥ ሁሉ በሚያየው ስፍራ ያኖረዋል። አንዲት ባልቴት ቀርበው፦ «ምን ዓሣ ነው ልጄ?» ብለው ቢጠይቁት፥ «አምባዛ ነው እማማ» ይላቸዋል። እርሳቸውም ነጠላቸውን ሰብስበው ያልፋሉ። ከኋላቸው የመጣው ሰው ራሱን አገላብጦ አይቶ፥ ዋጋውን እጅግ አስቀንሶ፥ ሁለቱን ይወስዳል። ልጁ ገንዘቡን ይቈጥራል፤ ለመረቡ ክር ይበቃል፥ ለጨው ግን ጥቂት ይጎድላል።