በገዛ ቤቱ እንግዳ የነበረ መምህር

ሰው ማንነቱን አስቀድሞ የሚማረው በትምህርት ቤት አይደለም፤ በእናቱ ቤት ነው። ስቱዋርት ሆል እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1932 በጃማይካ፣ በኪንግስተን ከተማ ሲወለድ፣ ከቤተ ሰቡ ኹሉ መልኩ የጠቈረ እርሱ ነበረ። አገሩ በዚያ ዘመን በእንግሊዝ እጅ ነበረና፣ ክብርም በመልክ ቅላት ይመዘን ነበርና፣ ልጁ በወገኖቹ መካከል እንደ እንግዳ ኾኖ አደገ። እኅቱ አንድ ጥቍር የሕክምና ተማሪ ብትወድ ወላጆቿ ከለከሏት፤ ከዚያም በኋላ ሳይውል ሳያድር አእምሮዋ ታወከ። የአገር አገዛዝና የሰው ልብ ተለያይተው የሚኖሩ ነገሮች አለመኾናቸውን ከዚህ እንደ ተረዳ ኋላ ራሱ ተናግሯል።

በ1951 ወደ ኦክስፎርድ ሄደ። ለከፍተኛው ማዕርግ ስለ ደራሲው ስለ ሄንሪ ጄምስ ጥናት ዠምሮ ነበረ፤ ነገር ግን ሳይፈጽመው ትቶ ወደ መጽሔት ሥራ ዞረ። በ1964 ሪቻርድ ሆጋርት በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የዘመኑን ባህል የሚመረምር ማእከል ሲመሠርት ሆልን ጠራው፤ ኋላም መሪው እርሱ ኾነ። በዚያም ለከፍተኛ ማዕርግ የሚማሩት ከመምህራቸው ጋር ባንድነት ያነቡና ይጽፉ ነበር። ጋዜጦች በጎዳና ዘረፋ ምክንያት በጥቍር ወጣቶች ላይ ያስነሡትን ፍርሃት የሚመረምረው የ1978 መጽሐፍ የአምስት ሰዎች ሥራ ነው።

ሆል በ1973 እንደ ጻፈው፣ የቴሌቪዥን ነገር እንደ ተላከ እንዲሁ አይደርስም። ተመልካቹ ወይ ላኪው እንዳሰበው ይቀበለዋል፤ ወይ ከኑሮው ጋር እያስማማ ይወስደዋል፤ ወይም ተቃውሞ ይተረጕመዋል። አንዱን ንባብ በአንድም በአንድም የሚፈታ የመጽሐፍ መምህር ለዚህ ነገር እንግዳ አይኾንም። ልዩነቱ፣ መምህሩ ትርጓሜውን ከአባቶች ሲቀበል ተመልካቹ ከገዛ ኑሮው ማምጣቱ ነው።

ደግሞም በ1990 ባወጣው ጽሑፍ፣ ማንነት ከአባት ተወርሶ በሣጥን የተቈለፈ ዕቃ ብቻ እንዳይደለ፣ ዕለት ዕለት ገና የሚሠራ ነገር እንደ ኾነ አስተማረ።

ማእከሉ በ2002 ተዘጋ፤ ሆልም በ2014 ዐረፈ። ወደ ጃማይካ ለመኖር አልተመለሰም፤ በእንግሊዝም ፈጽሞ የቤት ልጅ አልኾነም። በእናቱ ቤት የተወለደው ጥያቄ ለብዙዎች ትምህርት ኾነ፤ ለእኅቱ ግን ዘገየ።