አስጎብኚ በገዛ አገር

የጉዞ ወኪሎች ማስታወቂያ እንደ ብራና ይመሳከራል። በ2011 ዓ.ም. ከአክስቴ ልጅ ጋር ወደ ሰሜን ተራሮች የእግር ጉዞ ለማድረግ ስናስብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችው ጠባብ ክፍሌ ወለል ላይ አሥራ አንድ ማስታወቂያ አትሜ ጎን ለጎን ዘረጋሁ። የንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሌላ ምን ያውቃል? ብዙዎቹ እርስ በርስ የተገለበጡ ናቸው፤ አንዱ የሳተው ቃል በሦስቱ ላይ ይደገማል። ዘመናቸውን የሚያጋልጥ ቃልም አገኘሁ፦ ግጭ። የግጭ መንደር ሰዎች በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፍረዋል። «በሁለተኛው ቀን በግጭ መንደር ባህላዊ ቡና ትጠጣላችሁ» የሚል ወኪል እንግዲህ፣ ወይ ከዚያ ወዲህ እግሩ አልረገጠም፣ ወይ ጽሑፉን ከሌላ ወስዷል። አምስቱን በዚህ ጣልኳቸው።

አክስቴ አሌክሳንድሪያ ነው የምትኖረው፤ ሐሳቡን ስነግራት ሳቀችብኝ። «በገዛ አገርሽ መንገድ መሪ ትከራያለሽ? ጎንደር ዘመድ ሞልቶሽ!» ጎንደር ያለው ዘመዳችን ደግ ሰው ነው፤ ሊማሊሞን ግን በአውቶቡስ እንጂ በእግሩ አያውቀውም። እኔም ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ወዲያ አልፌ አላውቅም ነበር። ቢሆንም ንግግሯ ቆጠቆጠኝ። በማነባቸው የጉዞ መጻሕፍት ተመሪው ምንጊዜም ፈረንጅ፣ መሪው የእኛ ሰው ነው። በአገሩ ላይ የሚመራ አገሬ ምን ተብሎ ይጠራል?

ያኔ የመጣብኝ ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ የኢትዮጵያን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1681 ሲያሳትም አገሩን አንድም ቀን አላየም። ያወቀው በ1649 ሮም ላይ ካገኛቸው ከአባ ጎርጎርዮስ አፍ ነው። ቨርጂኒያ የተወለደው የአክስቴ ልጅም ኢትዮጵያን የሚያውቃት በእናቱ አፍ ነበር። ሉዶልፍን የምወድለት ግን የመሪውን ስም አለመደበቁን ነው፤ በክብር ጽፎታል። በዘረጋኋቸው ማስታወቂያዎች ውስጥ ግን ጭላዳው፣ ዋልያውና ቀይ ቀበሮው ሁሉ ስም ሲኖራቸው፣ ጓዙን የሚጭነው ሰው አንድ ቦታም የለም።

ከፍታው ሌላ ወንፊት ሆነኝ። የአክስቴ ልጅ በየዓመቱ ኦልድ ራግን ይወጣል፤ 1,000 ሜትር ገደማ ነው። ደባርቅ ከተማ ራሷ ከዚያ ሦስት እጥፍ ያህል ከፍታ ላይ ናት። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታን በቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አለማድረግ ነው የሚመከረው። አንዱ ወኪል ግን ከጎንደር በመኪና በቀጥታ ጨነቅ አሳድሮ፣ በማግስቱ ከ4,400 ሜትር የሚበልጠውን ቧሂትን ሊያወጣን ነው። ይህ እንኳ ጉዞ አይባልም፤ በዶላር ራስ ምታት መግዛት ነው።

ለቀሩት ስልክ መደወል ያዝኩ። እዚህ ሌሊት 7 ሰዓት ሲሆን ደባርቅ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። መጀመሪያ የምጠይቀው ትንሽ ተንኮል ነበረበት፦ ራስ ደጀን ማለት ምን ማለት ነው? የእንግሊዝኛ ማስታወቂያዎቹ «በንጉሡ ፊት የሚዋጋ ጄኔራል» ይላሉ፤ ደጀን ግን በአማርኛችን ከኋላ ሆኖ የሚደግፍ ኃይል ነው። ሁለቱ የእንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ መልሰው ነገሩኝ። አንድ የደባርቅ ሰው ብቻ ሳቀ። «እህቴ፣ ካወቅሽው ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

ሁለተኛው ጥያቄ ተንኮል አልነበረበትም። በቅሎ ነጂዎቹና ስካውቱ የት ያድራሉ? በጥር ሌሊት እነዚያ ሰፈሮች ውኃ ይረጋባቸዋል። አዲስ አበባ ያለ፣ ድረ ገጹ ከሁሉም ያማረ ወኪል፣ «ለምደውታል፣ አታስቢ» አለኝ። አመስግኜ ዘጋሁ። ለደባርቁ ሰው ስጠይቀው ዝም አለ፤ ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። «በፊት እሳት ዳር፣ ጋቢያቸውን ለብሰው ነበር» አለ በመጨረሻ። «አሁን አንድ ትልቅ ድንኳን ገዝተናል፤ አምስት ሰው ይይዛል። በእናንተ ጓዝ ብዛት ስድስት ይሆናሉ። ወይ ጓዝ ቀንሱ፣ ወይ ሌላ ድንኳን ተከራዩ።» የአክስቴ ልጅ ሁለት ጫማና ታጣፊ ወንበሩን አሌክሳንድሪያ ትቶ መጣ። ስድስተኛው ሰውም በቅሎውም ቀሩ።

ስለ ጉዞው ብዙ አልልም፤ ሁሉም ስለ ገደሉና ስለ ጭላዳው ጽፏል። ጨነቅ ላይ የአክስቴ ልጅ ራሱን አመመው። መሪያችን አየው፣ ስንት ጊዜ ውኃ እንደጠጣ ጠየቀው፣ ከዚያ ቧሂትን ሰረዘ። ልጁ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ተከራከረ፤ እኔም አገዝኩት። መሪው እሺ አላለም። በዚያ ቀን ስካውቱ፣ ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳስተኙ፣ ከልጁ ጋር ተቀምጠው ዋሉ። ስለ ምን እንዳወሩ እስከ ዛሬ አልነገረኝም፤ የአማርኛው ቅላጼ ግን ከዚያ ወዲህ የእናቱ ብቻ አይደለም።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ጦርነት ይህን ሁሉ አቋርጦታል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ጓደኞቼ ልጆቻቸውን ይዘው መሄድ ሲያምራቸው፣ «ያ አስጎብኚያችሁ ማን ነበር?» ይሉኛል። ስልኩን እሰጣለሁ፤ እሱ ራሱ ግን «አሁን አትምጡ» ይላቸዋል፤ ገንዘቡ እያስፈለገው። ባለፈው ወር መስመሩ ተገኝቶ አወራን። በቅሎዎቹ ተሸጠዋል። ትልቁን ድንኳን ግን ፀሐይ ሲወጣ እያወጣ ያናፍሰዋል፤ አይጥ እንዳይበላው።