ከኦቴሎ ወደ ራትልስኔክ ሌጅ

ኦቴሎ ለምትኖሩ ልጆች አንድ ጥያቄ አለኝ። ቤታችሁ ቧንቧ ስትከፍቱ የሚወርደው ውሃ ከየት ይመጣል? የደቡብ ሲያትል ውሃ በአብዛኛው የሚመጣው ከሲደር ወንዝ ነው። ወንዙ የሚነሳባቸውን ተራሮች ከፍ ብሎ ለማየት ጥሩ የእግር መንገድ አለ። ቦታው ራትልስኔክ ሌጅ ይባላል።

ከኦቴሎ በመኪና አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በሀይዌይ 90 ወደ ምሥራቅ ሄዳችሁ በ32ኛው መውጫ ትወጣላችሁ። መንገዱ ራትልስኔክ ሐይቅ ዳር ያደርሳችኋል። መግቢያ አይከፈልም። ቅዳሜና እሑድ ግን የመኪና ማቆሚያው ቶሎ ስለሚሞላ በጠዋት ተነሱ።

ስሙ አያስፈራችሁ። ራትልስኔክ ጅራቱን እያንኳኳ የሚያስፈራራ መርዘኛ እባብ ነው፤ እዚህ አካባቢ ግን አይኖርም። ድሮ አንድ ሰው የደረቀ ፍሬ በነፋስ ሲንኳኳ ሰምቶ እባብ መስሎት ደነገጠ፤ ስሙም ከዚያ መጣ ይባላል።

የእግር መንገዱ ደርሶ መልስ ከ4 እስከ 5 ማይል ገደማ ነው። በረጃጅም ዛፎች መካከል እየተጠማዘዘ ይወጣል። ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ 630 ሜትር ገደማ ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ እናቴ ከኢትዮጵያ ልትጠይቀኝ መጥታ አብረን ስንወጣ «ይሄማ ዳገት አይባልም!» አለችኝ። ላገኘችው መንገደኛ ሁሉ ግን «አይዞህ፣ አይዞሽ» ትል ነበር። ቋንቋውን የማያውቁትም ፈገግ አሉ። እናንተም በርቱ ለማለት ለወንድ «አይዞህ»፣ ለሴት «አይዞሽ»፣ ለትልቅ ሰው «አይዞዎት»፣ ለብዙ ሰው «አይዟችሁ» በሉ።

ጫፉ ሰፊ ድንጋይ ነው። ፊት ለፊት ማውንት ሳይ፣ ከታች ሐይቁ፣ ራቅ ብሎ ደግሞ የሲያትል ውሃ የሚጠራቀምበት ቼስተር ሞርስ ሐይቅ ይታያል። የድንጋዩ ጠርዝ ገደል ነው፤ ወድቀው የሞቱ ሰዎች አሉ። ወላጆች፣ የትንንሽ ልጆችን እጅ አትልቀቁ።

ከታች የምታዩት ሐይቅ ያለበት ቦታ በአንድ ወቅት ሞንክተን የሚባል መንደር ነበር። ሲያትል ሲደር ወንዝ ላይ ትልቅ ግድብ ሠራች። በ1915 የተጠራቀመው ውሃ በመሬት ውስጥ ሰርጎ መንደሩ ላይ ወጣ። ውሃው በየቀኑ ከፍ እያለ ሲመጣ ነዋሪዎቹ ዕቃቸውን ይዘው ወጡ።

እናቴ ይህን ስነግራት «ሰዎቹስ የት ገቡ?» አለች። ለእኛ ለኦቴሎ ሰዎች ጥያቄው ሩቅ አይደለም። ባቡሩ በ2009 ከመጣ ወዲህ አዳዲስ ሕንፃዎች ተሠርተዋል፤ ኪራይም ጨምሯል። ቡና አብረውን ይጠጡ ከነበሩ ጎረቤቶች አንዳንዶቹ ወደ ኬንትና ወደ ሬንተን ሄደዋል። ውሃውም ባቡሩም ያስፈልጉናል። ለእነሱ ሲባል ቤቱን የለቀቀ ሰው ግን ሊረሳ አይገባም። ወደ ኬንት ለሄደ ጓደኛ ደውሎ «ቅዳሜ ዳገት እንውጣ» ማለት አንድ መንገድ ነው።

ስትወርዱ ሐይቁ ዳር ያለውን የትምህርት ማዕከል ጎብኙ። ግቢው ውስጥ የውሃ ጠብታ የሚመታቸው ከበሮዎች አሉ። ስትመለሱ ደግሞ አያቶቻችሁን በአማርኛ ጠይቁ፦ «ልጅ ሳላችሁ ውሃ የምትቀዱት ከየት ነበር?»