ያገለገለ ቦርድ ፍለጋ፦ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ



ሰሞኑን አንድ ወንድማችን በውስጥ መስመር «ያገለገለ ራስበሪ ፓይ በርካሽ የት ይገኛል?» ብሎ ጠየቀን። በሁለት መስመር ልንመልስለት ጀመርንና ነገሩ እየረዘመ ሄደ። ሌሎቻችሁም ስለምትጠይቁን እዚሁ እንጻፈው አልን።

ለማያውቁት፦ ራስበሪ ፓይ የኤቲኤም ካርድ በምታክል ሰሌዳ ላይ ፕሮሰሰሩም፣ ራሙም፣ የዩኤስቢና የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎቹም አብረው የተሠሩበት ሙሉ ኮምፒውተር ነው። ጠርዙ ላይ በተደረደሩት ፒኖች ደግሞ መብራት ማብራት፣ ሙቀት መለካት፣ ሞተር ማዞር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከእንግሊዝ አገር ሲወጣ ዋጋው 35 ዶላር ነበር። ሐሳቡም ልጆች «ይበላሻል» ተብለው ሳይከለከሉ ፕሮግራም የሚማሩበት ኮምፒውተር እንዲያገኙ ነው።

እኛ አገር ግን 35 ዶላር ባለበት አይቆምም። እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር ሒሳቡ 2,000 ብር አካባቢ ይመጣ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በዓመቱ ዶላር ከ130 ብር በላይ ሆነ፤ ያው 35 ዶላር ከ4,500 ብር አለፈ ማለት ነው። ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተጨመረም። ቻርጀሩና ሜሞሪ ካርዱም ለብቻ ነው የሚገዙት። ስለዚህ እንደኛ የትንሽ ከተማ ልጅ ከሆናችሁ አማራጩ ያገለገለ ነው።

እኛ እንጅባራ ውስጥ አራት ጓደኛሞች ነን። ሁለታችን ተማሪ፣ አንዳችን ሞባይል ጠጋኝ፣ አንዳችን በአባቱ ሱቅ የሚሠራ። ቦርድ ያስፈለገን በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ነው። ኪዊክስ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ ዊኪፒዲያንና ሌሎች የትምህርት ገጾችን በፋይል አስቀምጦ ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ። ቦርዱ ላይ ተጭኖ ዋይፋይ ከለቀቀ በአካባቢው ያለ ሰው ሁሉ በስልኩ ገብቶ ያነባል። አንዳችን አዲስ አበባ ሲሄድ ፋይሎቹን በካርድ ይዞልን መጣ። የአማርኛው ዊኪፒዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች ብቻ ስላሉት ብዙ ቦታ አይፈጅም። (ይኼ ራሱ የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ለሌላ ቀን እናቆየው።)

የቀረን ቦርዱ ነበር። ብር አዋጣን። ከመካከላችን የአንዱ ድርሻ የእናቱ ነው፤ እቁብ ከደረሳቸው ላይ ቀንሰው «ቶሎ ትመልስልኛለህ» ብለው የሰጡት። በሰው በሰው አንድ ሻጭ ተገኘ፤ ያገለገለ ራስበሪ ፓይ 3። ፎቶ ላከ፤ ቀይዋ መብራት በርታለች፣ ቦርዱ ንጹሕ ነው። ብሩን በቴሌብር አስገባን፣ ቦርዱ በአውቶቡስ መጣልን።

ስክሪን ላይ ስንሰካው ተነሳ። አልሐምዱሊላህ ብለን ኪቦርድ ሰካን፤ ዝም። ሌላ ኪቦርድ፣ ዝም። ማውስም፣ የኔትወርክ ገመድም ያው። ጠጋኙ ጓደኛችን ጣቱን ዩኤስቢው አጠገብ ያለው ትንሽ ቺፕ ላይ አሳረፈና ወዲያው አነሳው፤ ያቃጥላል። በዚህ ሞዴል አራቱም ዩኤስቢዎችና የኔትወርኩ ገመድ የሚያልፉት በአንድ ቺፕ በኩል ነው። እሱ ሾርት ካደረገ ሁሉም አብረው ይሞታሉ። ሻጩ ጋ ስንደውል «ከእኔ ሲወጣ ይሠራ ነበር» አለ። ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሳት ተወ።

እዚህ ላይ የምናፍርበትን እንናገር። ከዐስር ሶላት በኋላ ቁጭ ብለን ስንብሰለሰል ከመካከላችን አንዱ «ፎቶው እንደሆነ አሁንም ያምራል፤ እኛም እንደገዛነው እንሽጠው» አለ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎን ነበር። ከዚያ ግን ዝም አልን፤ ዝም ማለታችን ደግሞ እያሰብንበት ስለነበር ነው። የሴትየዋ ብር አለበት፣ ተበዳዮቹም እኛ ነን፤ ምክንያት አይጠፋም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ የእህል ክምር ላይ እጃቸውን ሰደው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ያገኙበትን ታሪክ ከመድረሳ ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ያን ቀን ግን እርጥቡ እህል የእኛ እጅ ላይ ነበር፤ እንደ ተረት የምንሰማው ነገር አልሆነም።

ማስታወቂያውን እንዲህ ብለን ለጠፍነው፦ «ራስበሪ ፓይ 3። ዩኤስቢውና የኔትወርክ ገመዱ ሞተዋል፣ አይጠገንም። ዋይፋዩ፣ ኤችዲኤምአዩ፣ ፒኖቹና የካሜራ መሰኪያው ይሠራሉ። ቺፑ ስለሚግል ብዙ አንመክርም።» ጓደኛችን አንብቦ «ይኼን ማን ይገዛል?» አለ።

የዳንግላ ልጅ ገዛው። የጫጩት መፈልፈያ ሣጥን እየሠራ ነበር። እንቁላል ለ21 ቀን 37 ነጥብ 5 ዲግሪ አካባቢ መቆየት አለበት፤ እሱ ትምህርት ቤት እያለ ሙቀቱን ከስልኩ ማየት፣ ውስጡንም በካሜራ መመልከት ፈለገ። ለሙቀቱ ብቻ ኢኤስፒ32 የሚባለው ከዚህ እጅግ የረከሰ ቦርድ እንደሚበቃው ነገርነው። ካሜራውን ስለፈለገ «ለእኔ ዩኤስቢ ምን ያደርግልኛል?» አለ። እውነቱን ነው። ኪቦርድ ባይሠራም ካርዱን ላፕቶፕ ላይ አዘጋጅቶ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል አስቀድሞ ከጻፉበት ቦርዱ በራሱ ተነስቶ ይገናኛል፤ የቀረው ሁሉ ከላፕቶፕ ይታዘዛል። በገዛነው ግማሽ ዋጋ ሸጥንለትና ራሳችን ዳንግላ ድረስ ወሰድንለት። የእናትየዋን ብር ሞልተን መለስን፤ ኪሳራውን ሦስታችን ተካፈልነው።

እንግዲህ ወደ ወንድማችን ጥያቄ። ርካሽ ቦርድ ማለት ምኑ እንደሞተ የታወቀ ቦርድ ነው፤ የሞተው አንተ የማትፈልገው ክፍል ከሆነ። ስለዚህ ሻጩን «ይሠራል ወይ?» አትበለው፤ «ምኑ አይሠራም?» በለው። ፎቶ አትቀበል፤ ኪቦርድ ተሰክቶ ሲጻፍበት የሚያሳይ ቪዲዮ ጠይቅ። ፊት ለፊት ከተገናኛችሁ አምስት ደቂቃ አብርተህ ቺፖቹን በጣትህ ዳስስ፤ ሞቅ ማለት ያለ ነው፣ ጣት የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ተወው።

«ታሞብኛል፣ እየጠፋ ይነሳል» ተብሎ የሚሸጥ ካገኘህ ግን ቶሎ አትሽሽ። ፓይ 3 5 ቮልትና 2 ነጥብ 5 አምፒር፣ ፓይ 4 ደግሞ 3 አምፒር ይፈልጋል። ብዙ ሰው በአሮጌ የስልክ ቻርጀር ይሰካውና ስክሪኑ ጥግ ላይ ቢጫ የመብረቅ ምልክት ይመጣል፤ ቦርዱ ይንገዳገዳል። ኃይል አጥሮት እንጂ አልታመመም። እንዲህ ያለውን ደህና ቻርጀርና ደህና ገመድ ይዘህ ሄደህ ሞክረው። ካርዱም ሌላው ተንኮለኛ ነው፤ 64 ጊጋ ተብሎ ውስጡ 8 ብቻ የሆነ ሞልቷል። እስኪሞላ ፋይል ገልብጠህበት መልሰህ ክፈተው፤ የውሸቱ እዚያ ይታወቃል።

የት ይፈለግ ላልከው፣ እኛ የቀናን ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው። የምህንድስና ተመራቂዎች ለመጨረሻ ፕሮጀክታቸው ቦርድ ይገዛሉ፤ ፕሮጀክቱ ከቀረበ ማግስት ጀምሮ ሻንጣ ውስጥ ይተኛል። እዚሁ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ፣ ባሕር ዳር ደግሞ ፖሊ ያሉ ልጆችን ጠይቅ። የግሩፕ ንብረት ከሆነ ሁሉም መስማማታቸውን አረጋግጥ፤ አንዱ ሸጦ ሌላው ሲጣላ አይተናል። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለህ መርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ ዕቃ ባሕር ነው፤ ግን ዓይን ያለው ሰው ላክ።

እኛስ? ቤተ መጻሕፍታችን በመጨረሻ የቆመው ፓይ ላይ አይደለም። ጓደኛችን ጥገና ቤት ውስጥ ሪሞቱ የጠፋ አንድሮይድ ቦክስ ነበር፤ ባለቤቱ «ውሰዱት» አለን። ፒን የለውም፤ ለማንበብ ደግሞ ፒን ምን ይሠራል? አርምቢያን የሚባለውን ሊኑክስ በካርድ ለማስነሳት ሦስት ሌሊት ፈጀብን፣ ትክክለኛውን ፋይል ለቺፑ እስክናገኝ። ሽፋኑ ተሰብሮ ስለነበር የቀርከሃ ሣጥን አሠራንለት። ማራገቢያ አላስፈለገውም፤ የእንጅባራ ብርድ ይበቃዋል። መብራት ሲጠፋ ግን አብሮ ይጠፋል፤ ለእሱ መፍትሔ ገና እየፈለግን ነው።

የዳንግላው ልጅ በ21ኛው ቀን ሱብሒ ላይ ከቦርዱ ካሜራ የተቀዳ ቪዲዮ ላከልን። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶበት ስለነበር ከ30 እንቁላል የፈለፈለው 17 ብቻ ነው። መስታወቱ ላብ ስላወጣ ጫጩቶቹ በደንብ አይታዩም። ከሥሩ «ሌላ ዩኤስቢው የሞተ ካገኛችሁ አትርሱኝ» ብሎ ጽፏል።